መመለስ የሚገባው ድራማ፦ «ዎልፍ ሆል» እና መጽሐፉ

መጀመሪያ ፍርዴን ልናገር፤ ምክንያቱን ቀስ ብዬ አመጣዋለሁ። ሰሞኑን አንብቤ የጨረስኩት የሂላሪ ማንቴል «ዘ ሚረር ኤንድ ዘ ላይት» በጣም ትልቅ ልቦለድ ነው። በገጽ ብዛቱም፣ በሌላውም። ከእሱ የተሠራው የቢቢሲ ድራማ፣ የ«ዎልፍ ሆል» ሁለተኛ ዙር ማለት ነው፣ በቅርብ ጊዜ ተመልሰው ከመጡት ተከታታዮች ሁሉ «ይኼስ መመለስ ነበረበት» ብዬ አፌን ሞልቼ የምናገርለት ነው። ሌሎቹንም አይቻለሁ። «ሰቨራንስ»ን፣ «ስሎው ሆርስስ»ን፣ «ስኩዊድ ጌም»ን። ስለነሱም አወራለሁ፤ ልቤ ያለው ግን እዚህ ነው።

ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ዘመኑ 1530ዎቹ ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ወንድ ልጅ አጥቶ ሚስት ይቀያይራል። ከጎኑ ያለው ዋና ሰው ቶማስ ክሮምዌል ይባላል። የመሳፍንት ዘር የለውም። አባቱ ፑትኒ በምትባል መንደር ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ቢራም የሚጠምቅ ሰው ነው። ልጁ እየተደበደበ አደገ፣ አገር ጥሎ ጠፋ፣ በጣሊያንና በአንትወርፕ ዞረ፣ ቋንቋና ንግድ ተምሮ ተመለሰ። ከዚያ የንጉሡ ዋና ሹም የነበረው የካርዲናል ዎልዚ አገልጋይ ሆነ። ካርዲናሉ ሲወድቅ እሱ አብሮ አልወደቀም፤ እንዲያውም ንጉሡ ዘንድ ገባ። ከዚያ በኋላ አገሪቱ በእጁ ናት። ጸሐፊ ትእዛዝ ይሆናል፣ ማኅተም ጠባቂ ይሆናል፣ ገዳማት ይዘጋል፣ ንግሥት ያነግሣል፣ ንግሥት ያወርዳል። መጨረሻው ጁላይ 28 ቀን 1540 ነው፤ አንገቱ ተቆረጠ። በዚያው ዕለት ንጉሡ አምስተኛ ሚስቱን አገባ።

ይህን በመናገሬ መጽሐፉን አላበላሸሁባችሁም። የተጻፈ ታሪክ ነው፤ መጨረሻውን ሁሉም ያውቀዋል። ማንቴል የምትይዘን ሰውየው እንዴት እዚያ እንደሚደርስ፣ ደግሞም መቼ እንደሚያውቀው በማሳየት ነው።

ሦስት መጽሐፍ ጻፈችለት። «ዎልፍ ሆል» በ2009፣ «ብሪንግ አፕ ዘ ቦዲስ» በ2012 ወጡና ሁለቱም የቡከርን ሽልማት ወሰዱ። ሦስተኛው ስምንት ዓመት አስጠበቀና በማርች 2020 ወጣ፤ ዓለም በኮሮና በሩን በሚዘጋበት ወር። እሷ በሴፕቴምበር 2022 አረፈች። ድራማው ተመልሶ ሲመጣ አላየችውም፤ ይኼ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ሦስተኛው መጽሐፍ የሚጀምረው የንጉሡ ሁለተኛ ሚስት አን ቦሊን አንገቷ በተቀላበት ቅጽበት ነው። ክሮምዌል ዞሮ ይሄዳል። ምን ተሰማው? ራበው። ሁለተኛ ቁርስ ይብላ ወይስ ሰዓቱ ወደ ምሳ ቀርቧል እያለ ያስባል። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ሴትዮዋን ለዚህ ያበቃት እሱ ነው። ክሱን የሠራው፣ ምስክር የሰበሰበው፣ አብረዋት የተከሰሱትንም ወንዶች ያስገደለው እሱ ነው። አሁን ሥራው አለቀ፤ ሆዱ ደግሞ የራሱን ይጠይቃል። ማንቴል ስለ ሕሊናው አንድ ቃል አልተናገረችም፤ እኛ ግን ሁሉንም አወቅን። ከዚያ ቀጥለው የሚመጡት ወደ ዘጠኝ መቶ የሚጠጉ ገጾች የዚያን ረሃብ ዕዳ የሚያስከፍሉት ናቸው።

አጻጻፏ መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል። ሁሉንም ነገር አሁን እየሆነ እንዳለ አድርጋ ነው የምትተርከው። ክሮምዌልን ደግሞ ብዙ ጊዜ በስሙ አትጠራውም፤ «እሱ» ብላ ታልፋለች። ክፍሉ ውስጥ አምስት ወንዶች ቆመው የትኛው እንደተናገረ ለማወቅ ወደ ኋላ መመለስ አለባችሁ። ሃምሳ ገጽ ያህል ከታገሣችሁ ግን ዓይናችሁ ይለምደዋል። ከዚያ በኋላ ሰውየውን ከውጭ ማየት ይቀርና ከትከሻው በላይ ሆናችሁ ማየት ትጀምራላችሁ። ንጉሡ ፊት ሲቆም የንጉሡን ፊት ብቻ ነው የምታዩት፤ እንደሱ ታነቡታላችሁ፣ እንደሱ ትፈራላችሁ።

ጉድለት የለውም አልልም። መሀሉ ይረዝማል። ከአንትወርፕ የምትመጣው፣ ደራሲዋ ራሷ የፈጠረችለት ልጁ ታሪክ ለእኔ ሙሉ አልሆነልኝም፤ በደንብ ሳናውቃት መጥታ ትሄዳለች። የአምባሳደሮቹ ደብዳቤ አንዳንድ ቦታ ይበዛል። መቶ ገጽ ቢቀነስ አይከፋኝም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ይህን መጽሐፍ የኛ ሰው ሲያነበው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም ብዬ አምናለሁ። ደጅ ጥናት ምን እንደሆነ እናውቃለን። በንጉሥ በር ላይ ለወራት የሚቆም ሰው፣ የአንድ ባለሟል ፊት ዛሬ ጠቆረ ወይስ ፈካ እያለ ቀኑን የሚውል ሰው፣ ወሬ አቀባይ፣ ነገር ሠሪ፣ ሹም ሽር፤ ይኼ ሁሉ ከአያቶቻችን አፍ የሰማነው ነው። ሳነብ ደጋግመው ትዝ ያሉኝ ጸሐፊ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። ከተራ ቤተሰብ ወጥተው፣ ከጣሊያን ወረራ በኋላ በነበሩት ዓመታት ከንጉሠ ነገሥቱ ቀጥሎ የአገሪቱ ኃያል ሰው እስከመባል ደረሱ። በ1955 በድንገት ከቦታቸው ተነሥተው አርሲን እንዲያስተዳድሩ ተላኩ። መኳንንቱ እንዴት ያዩዋቸው እንደነበር የሚያወሩ ሽማግሌዎችን የሰማ ሰው፣ የኖርፎክ መስፍን ክሮምዌልን ሲያይ ፊቱን እንዴት እንደሚያጨፈግግ ሳይነገረው ይገባዋል። የኖርፎክ ሰዎች የክሮምዌልን ጥፋት ሁሉ ሊታገሡ ይችላሉ። የቀጥቃጭ ልጅነቱን ግን አይረሱለትም።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል። ክሮምዌል ሲሾም በልቷል። ገዳማቱን ሲዘጋ ማለቴ ነው። ከ1536 እስከ 1540 ባሉት አራት ዓመታት የእንግሊዝ ገዳማት አንድ ሳይቀር ተዘጉ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። መነኮሳቱ ጡረታ እየተቆረጠላቸው ተበተኑ፣ የጣሪያው እርሳስ ተገፎ ቀለጠ፣ ደወሉ ተሸጠ፣ መሬቱ ለንጉሡና ለባለሟሎች ተከፋፈለ። ገዳም በሕይወት ካለበት አገር ለመጣ ሰው ይህን ማንበብ ከባድ ነው። የሺህ ዓመት ዕድሜ ያላት ቤተ ክርስቲያን በአንድ ጸሐፊ መዝገብ ላይ መስመር ሆና ስትቀር ይታያል። ክሮምዌል በራሱ ማስታወሻ ላይ ላውንድ የምትባለውን ገዳም ለራሱ ይዟል፤ «ለእኔ ላውንድ» ብሎ ጽፏል። ይኼ እውነተኛ ታሪክ ነው። ማንቴል ይህችን አጭር መስመር ወስዳ የሰውየውን ምኞት ሁሉ አስገባችባት። ላውንድ ላይ ቤት ሠርቶ፣ ከቤተ መንግሥት ርቆ፣ አርፎ መኖር ይመኛል። አንባቢው እንደማይደርስባት ያውቃል። የሰው ገዳም ዘርፎ ዕረፍት የሚመኝ ሰው ነው፤ ግን አዘንኩለት። እንዳዝንለት ያደረገችኝ እሷ ናት።

ትልቁ ነገር ሕጉ ነው። ያኔ አንድ ሰው ፍርድ ቤት ሳይቀርብ፣ ቃሉን ሳይሰጥ፣ በፓርላማ አዋጅ ብቻ ከሐዲ ተብሎ ሞት ሊፈረድበት ይችል ነበር። ክሮምዌል ይህን መሣሪያ በሌሎች ላይ በደንብ ተጠቅሞበታል። ጁን 10 ቀን 1540 በምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ ሲያዝ በዚያው መሣሪያ ተቆረጠ። ሁለት ወር እንኳ አልሞላም የኤሴክስ መስፍን ተብሎ ከተሾመ። ጠበቃ ሆኖ የኖረ ሰው አንድም ጊዜ ፍርድ ቤት ቆሞ የመናገር ዕድል አላገኘም። ከእስር ቤት ለንጉሡ የጻፈው ደብዳቤ ዛሬም አለ፤ መጨረሻው ላይ «ምሕረት» የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ደግሞታል። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ። የኛ ሰው ይህን ተረት ሲተርት ክሮምዌልን አያውቀውም፤ ግን ልክ ስለሱ የተተረተ ነው የሚመስለው።

ወደ ድራማው ልምጣ። የመጀመሪያው ዙር በቢቢሲ የታየው በጃንዋሪ 2015 ነው። ስድስት ክፍል ነበር፤ ሁለቱን የመጀመሪያ መጻሕፍት ይዞ በአን ሞት አበቃ። ሁለተኛው የመጣው በኖቬምበር 2024 ነው፤ እሱም ስድስት ክፍል። መሀሉ ዘጠኝ ዓመት ከአሥር ወር። በታሪኩ ውስጥ ግን አንድ ቀንም አላለፈም፤ በአን ሞት ቆሞ በአን ሞት ይቀጥላል። ዳይሬክተሩ ያው ፒተር ኮስሚንስኪ፣ ጽሑፉን ለድራማ ያዘጋጀውም ያው ፒተር ስትሮን ነው፤ በ2025 በ«ኮንክሌቭ» ፊልም ኦስካር የወሰደው ሰው። ክሮምዌል ማርክ ራይላንስ ነው፣ ንጉሡ ዴሚያን ሉዊስ።

እነዚህ ዘጠኝ ዓመታት ድራማውን ጠቀሙት። ራይላንስ አርጅቷል። ፊቱ ወርዷል፣ ዓይኑ ሥር ተንጠልጥሏል። ሜካፕ ሊሰጠው የማይችለውን ነገር ዕድሜ ሰጠው። በመጀመሪያው ዙር ዝም ሲል እያሰላ ነው የሚመስለው፤ አሁን ዝም ሲል ደክሞት ነው ወይስ እያሰላ ነው መለየት ያቅታል። ሉዊስም እንዲሁ። ንጉሡ በ1536 መጀመሪያ ከፈረስ ወድቆ እግሩ ላይ የማይድን ቁስል ይዟል። ሉዊስ ያንን ቁስል አያወራውም፤ ይሸከመዋል። ሲቀመጥ ለአፍታ ፊቱ ይኮማተራል፣ ወዲያው ይስቃል፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አብሮ ይስቃል። እኔ ያኔ ነው የፈራሁት።

የተቀየሩ ተዋንያን አሉ። የኖርፎክን መስፍን በመጀመሪያው ዙር የተጫወተው በርናርድ ሂል ነበር፤ ሁለተኛው ዙር ከመታየቱ በፊት በ2024 አርፏል፣ ነፍሱን ይማር። አሁን ቲሞቲ ስፖል ይጫወተዋል። ጥሩ ነው፤ ግን ሂል ያንን ሰው ሲጫወተው የነበረው ሻካራነት ናፈቀኝ። የክሮምዌልን ጠላት ጳጳስ ጋርዲነርን የተጫወተው ማርክ ጌቲስም በአሌክስ ጄኒንግስ ተተክቷል። እዚህ ላይ ግን ምንም አልጎደለብኝም፤ ጄኒንግስ ሲናገር ድምፁ ዝቅ ባለ ቁጥር ነገሩ ይከፋል።

አንድ ትዕይንት ልንገራችሁ። ክሮምዌል ሻፍትስበሪ ወደሚባል የሴቶች ገዳም ይሄዳል። እዚያ የሟቹ የካርዲናል ዎልዚ ልጅ አለች፤ ዶሮቲያ። ካርዲናል ልጅ አይኖረውም፣ እሱ ግን ነበረው። ክሮምዌል ሊረዳት ነው የመጣው። የአባቷ ታማኝ እንደነበር ያምናል። ያንን አምኖ ነው እስከዛሬ የኖረው፤ አን ላይ የሠራውንም ሁሉ በካርዲናሉ ስም ራሱን ያጸናናበታል። ልጅቷ ሰማችው፣ ሰማችውና አባቴን የከዳኸው አንተ ነህ አለችው። አልጮኸችም። ሃና ስቲል ናት የምትጫወተው። ፊቷ ላይ ጥላቻ እንኳ የለም፤ ያለቀ ነገር ነው የምትነግረው። ራይላንስ መልስ ያጣል። በጠቅላላው ድራማ መልስ ሲያጣ ያየሁት እዚህ ነው። ከዚያ ወጥቶ ያለቅሳል፤ ሲያለቅስ ደግሞ እንደ ልጅ ነው፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። በመጽሐፉም ይህ ትዕይንት አለ። በመጽሐፉ ውስጡን እናውቃለን፤ በድራማው የምናየው ፊቱን ብቻ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ ተጠይቄ ብዙ ካሰብኩ በኋላ ድራማው ነው አልኩ። በመላው ታሪክ ድራማው መጽሐፉን የበለጠበት ቦታ ይኼ ብቻ ይመስለኛል።

ያነሰበት ቦታ ደግሞ ግልጽ ነው። በ1536 መጨረሻ በሰሜን እንግሊዝ ትልቅ አመፅ ተነሥቶ ነበር። በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ገዳማታችንን መልሱ፣ ክሮምዌልን ስጡን ብሎ ወጣ። በመጽሐፉ የዚያ ሕዝብ ድምፅ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ እስኪሰማ ድረስ ይቀርባል። በድራማው ሰዎች ክፍል ውስጥ ቆመው ሲያወሩት ብቻ ነው የምንሰማው። ምክንያቱ ገንዘብ ነው። ኮስሚንስኪ በኋላ በግልጽ ተናግሮታል፤ ድራማው እንዲሠራ እሱም፣ ጸሐፊውም፣ ራይላንስም ከክፍያቸው ብዙውን ትተዋል፣ ውጭ ሊቀረጹ የታሰቡ ትዕይንቶችም ቀርተዋል። ይህን ከሰማሁ በኋላ መውቀስ ከበደኝ። ያም ሆኖ ክፍተቱ ክፍተት ነው። ሕዝቡ ካልታየ ክሮምዌል ስንት ሰው እንደጎዳ አይታይም፤ ተመልካቹ ከሚገባው በላይ ይወደዋል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር። ንጉሡ አን በሞተች በጥቂት ቀን ያገባት ጄን ሲይሙር ወንድ ልጅ ወልዳ ወዲያው ሞተች። በድራማው ኬት ፊሊፕስ ናት፤ ስትናገር ድምፅዋ የማይሰማ፣ የምታየውን ሁሉ ግን የምታይ ሴት አድርጋታለች። ጄንና ሄንሪ የተቀበሩት ዊንዘር፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ውስጥ ነው። የኛ ልዑል ዓለማየሁም፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ፣ በ1879 በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሞቶ የተቀበረው በዚያው ጸሎት ቤት ነው። ዐፅሙ ወደ አገሩ ይመለስ የሚለውን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2023 አልቀበልም ብሏል። የጄን ሞት የሚታይበትን ክፍል ሳይ ሐሳቤ ወደዚያ ልጅ ሄደ። ዊንዘር ጎራ የምትሉ ሁለቱንም አስባችሁ ግቡ።

ከዎልፍ ሆል ወጥቼ ወደ ሌሎቹ ልሂድ።

«ሰቨራንስ» በ2022 ጀምሮ ሁለተኛው ዙር የመጣው በጃንዋሪ 2025 ነው፤ ሦስት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ኩባንያ የሠራተኞቹን ጭንቅላት በቀዶ ጥገና ለሁለት ይከፍላል። ቢሮ ያለው አንተ የቤትህን አያውቅም፤ ቤት ያለው አንተ የቢሮህን አያውቅም። የመጀመሪያው ዙር መጨረሻ ልብ የሚያቆም ነበር። ሁለተኛው አሥር ክፍል ነው፤ መሀል ላይ ሁለት ሦስቱ ይንዛዛሉ፣ የሚያነሣቸውን ጥያቄዎች ግማሹን ለሌላ ጊዜ ያሳድራቸዋል። ግን በአንድ ሰው ምክንያት ብቻ ደግሜ አየዋለሁ። ሚልቺክ የሚባለው አለቃ። ትራሜል ቲልማን ነው የሚጫወተው፤ በዚሁ ሚና በ2025 ኤሚ ወስዷል፣ በድራማ ረዳት ተዋናይነት ያንን ሽልማት የወሰደ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆኗል። ኩባንያው ሲሾመው ስጦታ ይሰጠዋል። የመሥራቹ ሥዕሎች ናቸው፤ ነጩ መሥራች ጥቁር ተደርጎ ተሥሏል። ሚልቺክ ማመስገን አለበት። ያመሰግናል። ፈገግታው ከፊቱ አይወርድም፣ ዓይኑ ግን ይቀዘቅዛል። በኋላ ደግሞ ትላልቅ ቃላት ታበዛለህ ተብሎ ይገመገማል፤ ብቻውን መስታወት ፊት ቆሞ አንዱን ዓረፍተ ነገር እያሳጠረ፣ እያሳጠረ፣ በመጨረሻ አንድ ቃል እስኪቀር ይለማመዳል። በፈረንጅ መሥሪያ ቤት ለሠራ ሐበሻ ይህን ማብራራት አያስፈልግም። አማርኛ ተናጋሪ ወዳጆቼ ሁሉ ያወሩኝ ስለዚህ ትዕይንት ነው።

«ስሎው ሆርስስ» ሌላ ዓይነት መመለስ ነው። ከ2022 ጀምሮ በየዓመቱ ሳይጠፋ ይመጣል፤ በየጊዜው ስድስት ክፍል፣ በየጊዜው አንድ የሚክ ሄሮን መጽሐፍ። የእንግሊዝ ስለላ ድርጅት ያጠፉ ሰላዮቹን የሚጥልበት አሮጌ ቢሮ አለ፤ አለቃቸው ጋሪ ኦልድማን ነው፣ ያልታጠበ፣ ተሳዳቢ፣ ግን ልጆቹን የማይሸጥ ሰው። የ2024ቱ አራተኛ ዙር ምርጡ ነው። እዚያ ውስጥ የድሮ ሰላይ የነበረው አያት መርሳት ይዞታል፤ ምስጢር ሁሉ በጭንቅላቱ ውስጥ አለ፣ ማን እንደሚያዳምጠው ግን አያውቅም። የሚጫወተው ጆናታን ፕራይስ ነው። ያው ፕራይስ በ«ዎልፍ ሆል» ካርዲናል ዎልዚ ነው፤ ሞቶም ለክሮምዌል እየታየ ያናግረዋል። አንዱን ካየሁ በኋላ ሌላውን ሳይ ይህ ሰው ሽማግሌ መሆንን ስንት ዓይነት አድርጎ እንደሚያውቅ ገረመኝ። የ2025ቱ አምስተኛ ዙር ቀለል ያለ ነው፤ ቀልዱ በዝቷል፣ አደጋው ቀንሷል። አልጠላሁትም፤ ግን ከአያትየው በኋላ ፈዘዘብኝ።

«ስኩዊድ ጌም»ን በተመለከተ አጭር ነኝ። የ2021ዱ ዘጠኝ ክፍል ሙሉ ነበር። ሰውየው በዕዳ ሰጥሞ የተሸነፈ የሚሞትበት የገንዘብ ጨዋታ ውስጥ ገባ፣ ወጣ፣ ገንዘቡን መንካት አቃተው። አለቀ። ሁለተኛው በዲሴምበር 2024 መጣ፤ ሰባት ክፍል ሄዶ መሀል መንገድ ላይ ቆመ፣ ቀሪውን ደግሞ በጁን 2025 ሦስተኛ ዙር ብለው አመጡት። ዳይሬክተሩ ሁዋንግ ዶንግ ህዮክ ከመጀመሪያው ያን ያህል ገንዘብ እንዳላገኘና የተመለሰበት አንዱ ምክንያት ይኸው መሆኑን አልደበቀም። ሐቀኝነቱን አከብራለሁ፤ የደከመበትም ሰው ነው። ስክሪኑ ላይ ግን ይታያል። ጨዋታዎቹ አሉ፣ ደሙ አለ፣ የምንጨነቅለት ሰው ግን ትንሽ ነው። «ዎልፍ ሆል» የተመለሰው የሚከፈል ዕዳ ስለነበረው ነው፤ ያች ሴት ሞታለች፣ ያስገደላት ሰው ገና ምሳውን እያሰበ ነው። እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ ታሪኩ ግማሽ ሆኖ ይቀር ነበር። «ስኩዊድ ጌም» ግን ዕዳውን መጀመሪያ ዙር ላይ ከፍሎ ጨርሶ ነበር።

የኛም ቤት ቢሆን ከዚህ የሚማር ይመስለኛል። በአገራችን ጣቢያዎች የሚታዩ ተከታታዮች ብዙዎቹ ጥሩ ይጀምራሉ። ተዋንያኑ አያንሱም፣ ታሪኩም የኛው ነው። ከዚያ ግን ስፖንሰር እስካለ ድረስ ይጎተታሉ፤ ስፖንሰር ሲጠፋ ደግሞ ዛሬ ያለቀሰችው ልጅ ነገ ምን እንደሆነች ሳይነገረን በዚያው ይቀራሉ። መጨረሻው አስቀድሞ የተጻፈ ታሪክ ይዞ መነሣት ያንን ያስቀር ነበር። መጽሐፍ ደግሞ አለን። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ አገር ሥራውን አቁሞ ያዳምጠው እንደነበር ወላጆቻችን ዛሬም ያወሩታል። መጨረሻው ምን እንደሆነ የሚያውቁ ሰዎችም ያዳምጡት ነበር። በስድስት ክፍል የሚያልቅ፣ ከአንድ ጥሩ የአማርኛ ልቦለድ የተወሰደ፣ እንደ አቅማችን በጥቂት ቤቶች ውስጥ የሚቀረጽ ድራማ የሚሠራ ቢገኝ የመጀመሪያዋ ተመልካች እኔ ነኝ።

ለመጀመር ለምትፈልጉ፦ ሦስተኛውን መጽሐፍ ብቻ አንሥታችሁ እንዳትጀምሩ። ጊዜ ካላችሁ ሦስቱንም በተራ፤ ከሌላችሁ «ብሪንግ አፕ ዘ ቦዲስ»ን አንብባችሁ ወደ ሦስተኛው ዝለሉ፣ እሱ ከሦስቱ አጭሩና ፈጣኑ ነው። ድራማውንም ከ2015ቱ ጀምሩ፤ ያለሱ ሁለተኛው አይገባም። የመጀመሪያው ዙር የማታ ትዕይንቶች በሻማ ብርሃን ስለተቀረጹ መብራት አጥፍታችሁ ካላያችሁት ግማሹ ጨለማ ይመስላችኋል። መጽሐፉ ወፍራም ስለሆነ ባቡር ላይ ይዞ መቆም አይመችም። በድምፅ የተነበበውም አለ፤ አንባቢው በመድረክ ክሮምዌልን የተጫወተው ቤን ማይልስ ነው፣ እኔ ከሥራ ስመለስ በጆሮ ማዳመጫ ብዙውን ምዕራፍ የደገምኩት በእሱ ድምፅ ነው። ወረቀቱን የምትመርጡ ደግሞ መጀመሪያ ገጾቹ ላይ ያለውን የሰዎች ዝርዝር በእርሳስ ምልክት አድርጉበት፤ ብዙዎቹ ስማቸው ቶማስ ስለሆነ በየምዕራፉ ትመለሱበታላችሁ።